አንድ ካች ስንት ነጥብ ይገባዋል? የሪሲቨሮች ነጥብ አሰጣጥ ላይ የተነሳ ክርክር

1

ክሩን (ከዚህ በታች በቁጥር የተለዩት መልእክቶች የተጻፉበትን የኢንተርኔት ውይይት) የከፈተው የአንድ ባለ12 ቡድን የፋንታሲ ፉትቦል ሊግ ኮሚሽነር፣ ማለትም አስተዳዳሪ ነው። ፋንታሲ ፉትቦል እውነተኛ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችን መርጦ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ነጥብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ ነው። አባላቱ አብዛኞቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሆነው የሚጫወቱም አሉ። ሊጉ እስካሁን የሄደው በሙሉ ፒፒአር (ካች በሚከፈልበት ደንብ) ነው፦ ለእያንዳንዱ ካች፣ ማለትም የተወረወረን ኳስ ለመያዝ፣ 1 ነጥብ፣ ለየ10 ያርዱ 1 ነጥብ፣ ለተችዳውን (ኳሱን ይዞ ጎል መስመሩን ለማለፍ) 6፣ ለጠፋ ፈምብል (ከእጅ አምልጦ ለተጋጣሚ ለገባ ኳስ) 2 ተቀናሽ። ኮሚሽነሩ የካቹ ነጥብ ከነአካቴው ይቅር ባይ ነው። ያርዱ ከተከፈለ በኋላ መያዙን ለብቻው መክፈል ለአንድ ሥራ ሁለት ደመወዝ ነው ይላል። ማስረጃው ስክሪን ፓስ የሚባለው አጭር ውርወራ ነው። ኳሱን ይዞ 3 ያርድ ወደ ኋላ የተጣለ ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) ለካቹ 1 ያገኛል፣ ለያርዱ 0.3 ይቀነስበታል፣ 0.7 ይዞ ይወጣል። በመሃል ሰንጥቆ 6 ያርድ የገፋ ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ ሯጭ) ደግሞ 0.6 ብቻ። ቡድኑን ወደ ኋላ የመለሰው ወደ ፊት ከወሰደው በለጠ ማለት ነው። አነጋገሩ ትሑት ነው፣ ሐሳባችሁን ስጡኝ ብሎ ይጨርሳል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ወስኖ የመጣ ይመስላል።

2

የመጀመሪያው መላሽ ሙሉ በሙሉ ይደግፈዋል፣ ማስረጃም ይጨምርለታል። የ2019ኙ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ክርስቲያን መካፍሪ 116 ካች ነበረው፤ በዚያ ዓመት በሩጫም በመያዝም በድምሩ 19 ተችዳውን አስቆጥሯል። 19 ተችዳውን 114 ነጥብ ነው፣ ካቹ ብቻውን 116። ጎል መስመሩን 19 ጊዜ ከማለፍ ኳስ መያዙ በለጠ። ደግሞ መካፍሪ ሪሲቨር አይደለም፣ ራኒንግ ባክ ነው። ሪሲቨሮችን ለማንሳት የወጣ ደንብ ትርፉን ለሌላ ቦታ ተጫዋች አሳልፎ እየሰጠ ነው የሚለው ነጥቡ ከኮሚሽነሩ ስክሪን ፓስ የጠነከረ ነው።

3

ሦስተኛው ጨዋታውን በቁጥር ይጀምራል፣ በቁጥር ይጨርሳል። የ2017ን ሁለት ሪሲቨሮች ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ ሩጫና ፈምብል ሳይገባ፣ በመያዝ ያገኙት ብቻ። ጃርቪስ ላንድሪ በማያሚ 112 ካች፣ 987 ያርድ፣ 9 ተችዳውን። ታይሪክ ሂል በካንሳስ ሲቲ 75 ካች፣ 1183 ያርድ፣ 7 ተችዳውን። የካች ነጥብ በሌለበት ስታንዳርድ ሂል 160.3፣ ላንድሪ 152.7። በግማሽ ፒፒአር፣ ለካች 0.5 ሲሰጥ፣ ላንድሪ 208.7፣ ሂል 197.8። በሙሉው ላንድሪ 264.7፣ ሂል 235.3። በአንዱ ደንብ በ7.6 የተበለጠው ሰው በሌላው በ29.4 ይመራል። ጸሐፊው የትኛው ትክክል ነው አይልም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሊጉ ሽልማቱን ለማን መስጠት ይፈልጋል? በየጨዋታው ሰባት ስምንት ጊዜ በአጭር ርቀት ለሚያዝለት ወይስ በሁለት ረጅም ኳስ ጨዋታውን ለሚገለብጠው?

4

እዚህ ላይ ተቃውሞው ተጀመረ፣ ገና በጨዋ ቋንቋ። አራተኛው ጸሐፊ የካች ነጥብ የመጣበት ምክንያት ተረስቷል ባይ ነው። ካች ሲወጣ ተችዳውን ይነግሣል፤ ተችዳውን ደግሞ ከዓመት ዓመት አይታመንም። የ2012ን ካልቪን ጆንሰን ያነሳል፦ 122 ካች፣ እስካሁን ያልተሰበረው የ1964 ያርድ ክብረ ወሰን፣ ግን 5 ተችዳውን ብቻ። በዚያው ዓመት በተችዳውን ሊጉን የመራው የግሪን ቤዩ ጄምስ ጆንስ 64 ካች፣ 784 ያርድ፣ 14 ተችዳውን ነበረው። በስታንዳርድ ጆንሰን 226.4፣ ጆንስ 162.4። የ1180 ያርድ ልዩነት ወደ 64 ነጥብ ወረደ። በሙሉ ፒፒአር ልዩነቱ 122 ይሆናል፣ ይህም የሜዳውን እውነት ይበልጥ ይመስላል። ማሰሪያው ደግሞ ጠንካራ ነው፦ ጆንስ በ2013 ያርዱ ወደ 817 ከፍ ሲል ተችዳውኑ ወደ 3 ወርዷል። በ2012 ተችዳውን አምኖ በቀጣዩ ዓመት ድራፍት ያደረገው (በተጫዋቾች ምርጫው ቀን የመረጠው) ሰው ምን አጠፋ?

5

አምስተኛው በሁለት መስመር ገላገለው። ግማሽ ፒፒአር አድርጉና ወደ ሥራችሁ ሂዱ፣ የፋንታሲ ሊጎች የሚካሄዱበት ያሁም እንደ መነሻ የሚያወጣው እሱን ነው ይላል። የየዓመቱ መልስ ነው ይህ። ለምን ግማሽ እንጂ ሩብ እንዳልሆነ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም ስል፣ ተገኘ።

6

ስድስተኛው የ3ኛውን ቁጥሮች ይዞ ላንድሪና ሂል እኩል የሚሆኑበትን ዋጋ ፈለገ። በስታንዳርድ ልዩነቱ 7.6፣ የካቻቸው ልዩነት 37፤ 7.6 ለ37 ሲካፈል 0.2 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ሚዛኑ ያለው 0.5 ላይ አይደለም፣ ከዚያ በጣም ወርዶ ነው። ግማሽ የሚመረጠው ለመናገር ስለሚቀል ነው የሚለው ፍርዱ አምስተኛውን ሳያስቀይመው አልቀረም። አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምሯል፦ እንዲህ ያለ ዋጋ ሲገባ በሴቲንጉ ውስጥ የክፍልፋይ ነጥብ መብራት አለበት። ከጠፋ 19 ያርድ 1 ነጥብ ብቻ ይሰጣል፣ ዘጠኙ ያርድ ይቀልጣል።

7

ሰባተኛውን የጻፉት ሌሎቹ ጋሼ እያሉ የሚጠሯቸው ነባር ተጫዋች ናቸው፤ ክሩ መዞር የነበረበት እዚህ ላይ ነበር። የካች ዋጋ ብቻውን ተነጥሎ አይወሰንም ነው ነገራቸው። ለሁሉም ሪሲቨር እኩል 80 ነጥብ ቢጨመር ምንም አይለወጥም። የሚለወጠው አንደኛው ከመጨረሻው ተሰላፊ የሚበልጥበት ልክ ነው፤ የመጨረሻው ተሰላፊ ማን እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ የቦታ ብዛት ነው። 12 ቡድን ሁለት ሁለት ሪሲቨር ቢያሰልፍ የሚያስፈልጉት 24 ናቸው። ሦስት ሦስት ቢሆን 36፣ ፍሌክሱም (ከአንድ ዓይነት በላይ ተጫዋች የሚቀበለው ቦታ) በሪሲቨር ከተሞላ እስከ 48። ከ32ቱ የኤንኤፍኤል (የእውነተኛው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ቡድኖች አብዛኞቹ ሦስት ሪሲቨር ሜዳ ላይ ያቆማሉ፣ ስለዚህ ወደ 96 የሚጠጋ ሰው አለ። ዋና ሯጭ ግን በአንድ ቡድን አንድ ነው፣ ቢበዛ 32፤ ሊጉ ከነሱ 24ቱን በየሳምንቱ ይፈልጋል። ሁለት ሪሲቨር ብቻ በሚሰለፍበት ሊግ የካች ነጥብ ከወጣ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሪሲቨር የሚመርጥ ሰው አይኖርም።

ከዚያ አሠራሩን ይዘረዝራሉ። ያለፈውን ዓመት ቁጥር በአንድ ሰንጠረዥ ማውረድ፤ በ0፣ በ0.5 እና በ1 ሦስት ጊዜ ማስላት፤ በእያንዳንዱ ስሌት 1ኛውን ራኒንግ ባክ ከ24ኛው፣ 1ኛውን ሪሲቨር ከ24ኛው ወይም ከ36ኛው መቀነስ። ሁለቱ ልዩነቶች የሚቀራረቡበት ደንብ ለዚያ ሊግ የሚስማማው ነው። የአንድ ዓመት ቁጥር ስለሚያታልል ቢያንስ ሦስት ዓመት ውሰዱ፣ በጉዳት ግማሽ ዓመት የወጣውንም ከዝርዝሩ አታውጡት፣ እውነተኛ ሊግ ውስጥም ይህ ያጋጥማል ብለዋል። የእሳቸው ግምት ሦስት ሪሲቨር ከተሰለፈ ግማሽ ይበቃል የሚል ነው። እንዲህ ያለ መልስ ተሰጥቶ ሰው ወደ ድሮው ጭቅጭቅ መመለሱ ይገርማል።

8

ስምንተኛው ሌላ በር ከፈተ፦ ካች ይቅር፣ በምትኩ ፈርስት ዳውን ላስገኘ ሁሉ 1 ነጥብ። ፈርስት ዳውን ማለት ቡድኑ በአራት ሙከራ (ዳውን) የሚጠበቅበትን ርቀት አሟልቶ አዲስ ሙከራዎች ማግኘቱ ነው። ሦስተኛ ዳውን ላይ 15 ያርድ ሲቀር በስክሪን 4 ያርድ የያዘ ሰው በሙሉ ፒፒአር 1.4 ያገኛል፣ ቡድኑ ግን ኳሱን በፐንት (በእግር መትቶ) ያስረክባል። በአዲሱ ደንብ 0.4 ብቻ። አንድ ያርድ ሲቀር 2 ያርድ ይዞ ሰንሰለቱን ያንቀሳቀሰው፣ ማለትም ፈርስት ዳውን ያስገኘው ግን 1.2። የኮሚሽነሩን ቅሬታ ከሥሩ የሚመልስ ሐሳብ ነው።

9

ዘጠነኛው ይህንን የሞከሩ ሊጎች የሚሰናከሉበትን ቆጠረ። ተችዳውን በይፋዊው ቆጠራ ፈርስት ዳውንም ነው፤ ስለዚህ 6 የነበረው ሳይታወቅ 7 ይሆናል፣ ካልተፈለገ ተችዳውኑን ወደ 5 ማውረድ ይገባል። የመያዝ፣ የሩጫና የመወርወር ፈርስት ዳውን ሦስት የተለያዩ ሳጥኖች ናቸው። ሦስቱንም የሞላ ኮሚሽነር ኳርተርባኮቹን (ኳስ ወርዋሪዎቹን) ሰማይ ይሰቅላል፣ የመያዙን ብቻ የሞላ ደግሞ በአጭር ርቀት የሚሮጡትን ይቀጣል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ድራፍቱ ላይ ነው፦ ገጹ የሚያሳየው ደረጃ ለተለመዱት ደንቦች የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ኢንተርኔት ተቋርጦበት አውቶ ድራፍት (ገጹ በራሱ የሚመርጥበት) ላይ የወደቀ ሰው በሌላ ሊግ ሚዛን የተመረጠ ቡድን ይታቀፋል።

10 እና 11

አዲስ አበባ ያለው አባል ከርዕሱ ወጣ ብሎ ስለ ሰዓት ጠየቀ፤ መልሱ ስለሚጠቅም እዚህም ይግባ። የእሁድ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች በምሥራቅ አሜሪካ 1 ሰዓት ከቀትር በኋላ ሲጀምሩ አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የማይሰለፉ ተጫዋቾች ስም የሚወጣው ከ90 ደቂቃ በፊት ስለሆነ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ መክፈት ያስፈልጋል። በኅዳር ዋዜማ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ አሜሪካ ሰዓቷን ስትመልስ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይዘገያል፣ ጨዋታው ምሽት 3 ሰዓት ይሆናል። የሰኞው ማታ ጨዋታ እዚያ 8:15 ሲል እዚህ ሌሊት 9:15 ነው፣ ሰዓቱ ከተቀየረ በኋላ 10:15። ስለዚህ የሰኞ ተጫዋች ጉዳቱ አጠራጣሪ ከሆነ ከመተኛት በፊት ከዚያው ጨዋታ ምትክ ቤንች ላይ ማስቀመጥ፣ አጠራጣሪውንም ዋና ቦታው ላይ ሳይሆን ፍሌክስ ላይ ማሰለፍ። ፍሌክሱ ብዙ ዓይነት ምትክ ይቀበላል።

12

አንዲት አባል ክሩን ወደ መስመሩ መለሰችው፣ ግን በታይት ኤንድ (ኳስም በሚይዝ፣ ለሯጩም መንገድ በሚከፍት ተጫዋች) በኩል። ለታይት ኤንድ ካች 1.5 ይሰጥ ትላለች። የ2024ን ብሮክ ባወርስና ጆርጅ ኪትል ታወዳድራለች። ባወርስ በመጀመሪያ ዓመቱ 112 ካች፣ 1194 ያርድ፣ 5 ተችዳውን፤ ኪትል 78 ካች፣ 1106 ያርድ፣ 8 ተችዳውን። በስታንዳርድ ኪትል በ158.6 ለ149.4 ይበልጣል። በሙሉ ፒፒአር ባወርስ 261.4 ለ236.6። በ1.5 ደግሞ 317.4 ለ275.6። ያኔ ታይት ኤንድ የመጨረሻ ዙር ማሟያ መሆኑ ይቀራል ባይ ናት።

13

መልሱ ስለታም ነበር። አሥራ ሦስተኛው ራሷ ያቀረበችው ቁጥር እንደሚቃወማት አሳየ፦ በሁለቱ መካከል 24.8 የነበረው ልዩነት 41.8 ሆኗል። ቦታውን አላመጣጠነችም፣ ምርጡን የያዘውን ሰው የበለጠ አስመለጠች። 12 ቡድን 12 ታይት ኤንድ እያሰለፈ ሁለትና ሦስቱ ብቻ ብዙ ካች ካላቸው የቀሩት ዘጠኝ ሰዎች በየሳምንቱ ይገረፋሉ። የሒሳቡ ፍሬ ትክክል ነው። ደንብ ለማውጣት ካልኩሌተር መያዝ ብቻ አይበቃም የምትለው ጭራው ግን አላስፈላጊ ነበረች።

14 እና 15

እሷም ሳትቆጣ መለሰች፦ ልዩነቱ መስፋቱ ሆን ተብሎ ነው፣ ያኔ ባወርስን የፈለገ ሰው በመጀመሪያው ዙር ይከፍልበታል፣ ያልፈለገም ያንን ዙር ለሪሲቨር ያውለዋል። ለቦታ የተለየ ዋጋ መስጠት አድልዎ ከመሰለህ የፕሪሚየር ሊጉን ፋንታሲ ተመልከት አለችው። እዚያ ጎል ለአጥቂ 4፣ ለአማካይ 5፣ ለተከላካይ 6፣ ከ2024/25 ወዲህ ደግሞ ለበረኛ 10 ነው፤ ማንም አልተሰደደም። ይህች ምሳሌ ክሩን ለጊዜው ወሰደችው። ቀጣዩ ጸሐፊ በ2025/26 ለተከላካይ 10 የመከላከል ሥራ ሲሞላ 2 ነጥብ መሰጠቱ ርካሽ የመሃል ተከላካዮችን እንዴት እንዳስወደደ ሊያብራራ ገባ፣ የአማካዮቹ ልክ 12 መሆኑን ጨመረ፣ ስለ ካፒቴን ምርጫም ሊቀጥል ሲል ኮሚሽነሩ ወደ ሪሲቨሮቹ እንመለስ አለ።

16

እዚህ ላይ አክብሮቱ አለቀ። እስካሁን እርስዎ ይል የነበረው አባል ኮሚሽነሩን አንተ እያለ መጣ። ሊጉ ኪፐር ነው፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ተጫዋች ለቀጣይ ዓመት ያስቀራል። ኮሚሽነሩ ያስቀራቸው ሁለቱም ካች የማይበዛላቸው ራኒንግ ባኮች ናቸው። የካች ነጥብ ሲወጣ ከ12ቱ ማን እንደሚያተርፍ ለማወቅ ሰንጠረዥ አያስፈልግም፣ የስም ዝርዝሩ ይበቃል ይላል። እሱ ራሱ በሙሉ ፒፒአር ተማምኖ ሁለት ባለ ብዙ ካች ሪሲቨር አስቀርቷል፤ ደንቡ አሁን ቢቀየር ያስቀራቸው ሰዎች ዋጋ ሳይጫወቱ ይወርዳል።

17

ኮሚሽነሩ ጥቅሙን እንዳላሰበ ይምላል፣ ሐሳቡን ከዓመታት በፊትም አንስቶት እንደነበር ያስታውሳል። ስለ ኪፐሮቹ ግን አንዲት መስመር አልመለሰም። ዝምታው ከመሐላው ይበልጥ ተነበበ።

18

ጋሼ እንደገና ገቡና ነገሩን አበረዱት። በየዓመቱ ከዜሮ ድራፍት የሚደረግበት ሊግ ከድራፍቱ ቀን በፊት ደንቡን ቢቀይር ማንም አይጎዳም። ኪፐር ሊግ ግን ዛሬ ድምፅ ሰጥቶ ደንቡን ከሚቀጥለው ዓመት ማስጀመር አለበት፣ ያኔ ሁሉም ኪፐሩን አዲሱን ደንብ አውቆ ይመርጣል። ድምፁ ሁለት ሦስተኛ ይሁን፣ ከ12 ቢያንስ 8። በጽሑፍ ይስፈር፣ የተፈጸመበትም ቀን ይታወቅ፤ ምክንያቱም በድምፁና በሥራ ላይ መዋሉ መካከል የሚደረግ ትሬድ (የተጫዋች ልውውጥ) ሁሉ ኋላ አላወቅኩም ያስብላል።

19

አሥራ ዘጠነኛው ማንም ያላነሳውን ጎን አሳየ፦ ካች ራሱ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ኳሱ ትንሽ ወደ ኋላ ከተወረወረ ፓስ መሆኑ ይቀርና ሩጫ ተብሎ ይመዘገባል። ሰኞ ማታ የ6 ያርድ ካች ተብሎ 1.6 የሰጠ እንቅስቃሴ በሳምንቱ መሃል በሚደረገው የቁጥር እርማት የ6 ያርድ ሩጫ ሲባል 0.6 ይሆናል። በ0.8 ያሸነፈ ሰው ተሸናፊ ሆኖ ያድራል። ላተራልም (ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ የሚደረግ ቅብብል) አለ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2018 ማያሚ ኒው ኢንግላንድን 34 ለ33 ባሸነፈበት የመጨረሻ እንቅስቃሴ ኳሱን ከኳርተርባኩ የያዘው ኬኒ ስቲልስ ነበር፤ ከዚያ ወደ ዴቫንቴ ፓርከር፣ ከእሱ ወደ ኬንያን ድሬክ ሄደ። ካቹ ለስቲልስ ተመዘገበ፣ ተችዳውኑ ለድሬክ፣ ድሬክ ግን በዚያ እንቅስቃሴ አንድም ካች የለውም። የካቹ ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር እንዲህ ያሉ ፍርዶች ብዙ ጨዋታ ይወስናሉ፤ ስለዚህ ሊጉ እርማትን እስከ መቼ እንደሚቀበል አስቀድሞ ይጻፍ።

20

የ100 ያርድ ጉርሻ 3 ነጥብ ይጨመር ያለም ነበር፣ ወዲያው ተመለሰለት። 99 ያርድ 9.9 ሲሆን 100 ያርድ 13 ይሆናል፤ በአንድ ያርድ 3.1። ይባስ ብሎ 101 ያርድ ላይ ያለ ሰው በመጨረሻው ስክሪን 2 ያርድ ቢመለስ በሙሉ ፒፒአር ለካቹ 1 ያገኛል፣ ለያርዱ 0.2 ያጣል፣ ጉርሻው 3 ይነጠቃል። ኳስ ይዞ በ2.2 ይወርዳል። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ዳግም አልታየም።

21

ኮሚሽነሩ ከቀናት በኋላ የተለሳለሰ ረቂቅ ይዞ መጣ። ለካች 0.5፣ ሦስት ሪሲቨር፣ ሁለት ራኒንግ ባክ፣ አንድ ታይት ኤንድ፣ አንድ ፍሌክስ። ለታይት ኤንድ የተለየ ዋጋ የለም፣ የያርድ ጉርሻም የለም። የቁጥር እርማት እስከ ሐሙስ ተቀባይነት አለው። ደንቡ የሚጀምረው ከሚቀጥለው ዓመት ነው። ሊጉ ኢኤስፒኤን ላይ ስለሆነና መነሻው ሙሉ ፒፒአር ስለሆነ ዋጋውን በእጁ ቀይሮ የሴቲንጉን ፎቶ አያይዟል።

22

ፎቶውን ቀርቦ ያየው 6ኛው ጸሐፊ ነው። ሁለት ሳጥን ተሞልቷል፦ ለእያንዳንዱ ያርድ 0.1 የሚለውም፣ ለየ10 ያርዱ 1 የሚለውም። እንዲህ ከተተወ 100 ያርድ 20 ነጥብ ይሰጣል። አንዱ ዜሮ ይሁን፣ ቢቻል ሁለተኛው፣ ክፍልፋዩን የሚጠብቀው የመጀመሪያው ነውና። ማረጋገጫም ሰጠ፦ የጃማር ቼዝን 2024 አስሉት፣ 127 ካች፣ 1708 ያርድ፣ 17 ተችዳውን። 63.5 ሲደመር 170.8 ሲደመር 102፣ ከሩጫው ውጪ 336.3 መምጣት አለበት። ከዚያ በብዙ ከበለጠ የሆነ ቦታ ድርብ ተቆጥሯል።

23

ኮሚሽነሩ ሳጥኑን አጽድቶ አዲስ ፎቶ ለጠፈ። የ16ኛው ጸሐፊ ስሌቱን ሠርቶ 336.3 መምጣቱን መሰከረ፣ ሙሉ ፒፒአር ይቅር ለሚለው ግን ድምፁ ተቃውሞ መሆኑን አስመዘገበ። እስከዚያ ሰዓት 5 ድጋፍና 2 ተቃውሞ ነበር፤ 8 እስኪሞላ የአዲስ አበባዎቹም ድምፅ ይጠበቃል።